ደረሰኝ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ፍራንክፈርት፣ ሠላሳኛው ፎቅ ላይ፣
አንዲት ነጠላ ሰረዝ ቦታዋን ስታ ሳላይ፣
ሺው ሚሊዮን ሆኖ በጣቴ ዝንጋታ፣
ፍራው ሊንደማን መጣች፣ ጫማዋን ወንበር ሥር ትታ፣
ጎንበስ ብላ በትከሻዬ፣ አንድም ቃል ሳትናገር
አረመችው፤ ሄደች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤
ተማሪ አይደለሁ? የሁለት ወር ተለማማጅ።

የምንሸጠው ድርጅት ስሙ አይነሳም፤
«ሽመላ» ነው የምንለው፣ አሳንሰር ውስጥም።
አራት መቶ አሥር ሰው «ቁጠባ» በሚል ቃል
ከአንዷ ረድፍ ቀነስኩ። ድምሩ ሲስተካከል
ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ታክሲ ተጠራልኝ፣ ባንኩ የሚከፍለው፤
ሾፌሩ ኤክሬም ይባላል፣ ጨዋታ ወዳድ ነው።
ማይን ወንዝን ስንሻገር፣
«ልጄ ሥራ አገኘ» አለኝ «በመጨረሻ፣ ዘንድሮ፣
ኦፈንባህ፣ ቀለም ፋብሪካ። ቤት ሊገዛ ነው፣ ተበድሮ።»
የፈረምኩት ወረቀት ምላሴን ጠቀለለ።
«እንኳን ደስ ያለዎ» አልኩ። «አሚን፣ ላንተም» አለ።

ደጄ ላይ መብራት አብርቶ ሒሳቡን ጻፈ፤
ሊፈርም ሲል ብዕሩ ሁለቴ ነጠፈ።
ወረቀቷን በመስኮት አቀበለኝ፤
ለባንኩ ነበር።
ደረሰኝ።