ሰዓት የጠፋበት ምድጃ

ከጅዳ በካርጎ፣ ሦስት ወር ተጉዞ፣
«ለይመር ሐሰን፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ» የሚል ጽሑፍ ይዞ፣
መጣልኝ ኦቨኑ። አራት ጎረምሶች ተሸከሙት፤
ደረጃው ላይ አንዴ፣ በሩ ላይ አንዴ አሳረፉት።

ዘምዘም ካለፈች ወዲህ የሱቅ ዳቦ ነው ቀለቤ፤
ይህን ለሰዓዳ ያወራ አለ፣ ከጎረቤት ከቤተሰቤ።

ሊጥ አቦካሁ እንግዲህ፣ በዓይኔ ለክቼ ዱቄቱን፤
ሁለት መቶ ላይ አደረግሁት የሙቀቱን ቁልፉን።
መብራቱ ቦግ አለ፤ ማራገቢያው ዞረ፤
ሆዱ ግን እንደ ጦሳ ጠዋት ቀዝቅዞ ቀረ።
ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ፤ ሌላ ሩብ ጨመርኩ፤
እጄን ወደ ውስጥ ሰድጄ ብረቱን ዳበስኩ፤
ከደጁ ጉም ይልቅ ይቀዘቅዛል እንዴ!
ሊጡ ግን ከሳፋው ሊወርድ ነው ባንዴ።

ልብ በሉ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ፣
የኦምን ሕግ ለስንቱ ክፍል በጠመኔ ዘርዝሬ፣
አንድ ብረት ሳጥን ፊት ተማሪ ሆንኩ ዛሬ።

መጀመሪያ ሶኬት፦ ነቅዬ ሌላ ግድግዳ ላይ ሰካሁት።
ቀጥሎ ብሬከር፦ ወርዶ እንደሆን ብዬ አየሁት።
አልወረደም።
ማታ ማታ ኮረንቲው እንደ ሽማግሌ ይደክማል፤
«ኃይል አንሶት ነው» ብዬ እኩለ ሌሊት ሞከርኩት። ያው ነው፣ ይበርዳል።
ሊጡን ለእነ አስካለ ሰጠሁ፣ በአጥር በኩል፣
ሰው እንዳያይብኝ፣ ልክ ሌባ ይመስል።

በነጋታው ሙሄ መጣ፤ ሰኞ ገበያ ነው ሱቁ፤
ፊዚክስ በኔ ክፍል ነው ሁለቴ መውደቁ።
«አብሽር ጋሼ» አለኝ፤ ጀርባውን ፈታታው፤
ብሎኖቹን በሻይ ሰሃን ቆጥሮ አስቀመጣቸው።
ሬዚስታንሱን ለካ፦ «ደህና ነው፤ አልተበጠሰም።»
ቴርሞስታቱን ነካካ፦ «ይሄም እንኳ አልሞተም።»
«ታዲያ ምን ሆነ?» ስል፣ ራሱን አከከ፤
መምህሩም ተማሪውም አንድ ብረት ፊት ተንበረከከ።

ያኔ ነው ያየነው። ከቁልፎቹ በላይ፣
በጠባቧ መስኮት፣ በአረንጓዴ ቁጥር ላይ፣
ዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ ዐሥራ ሁለት ሰዓት፣
ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም፣ እንደሚጠይቅ ዓይነት።
ለካስ ከመጣ ጀምሮ ሲጠይቀኝ ኖሯል፤
እኔ ኮረንቲ ስል፣ እሱ ሰዓት ብሏል።

ደወልኩላት። ዕቃ ታጥባለች፤ የውሃው ድምፅ ይሰማል፤
ስልኩን በትከሻዋ እንደያዘች ያስታውቃል።
«ሰዓቱን ሙላው እንጂ አባዬ! ካልሞላኸው አይሞቅም፤
የማዳምም እንዲሁ ነው፤ ከኔ በቀር የሚሞላው የለም።»
«ስንት ልበለው?» አልኳት። ዝም አለች።
ውሃውን ዘጋች።
ያኔ የዙሁር አዛን በመስኮቴ ገባ፤
በስልኩም ውስጥ ሌላ አዛን፣ የሷኛው፣ አስተጋባ።
በኔ ግድግዳ ስድስት፤ በሷ ዐሥራ ሁለት።
ፀሐይዋ ግን አንድ ናት፣ ለሁለታችንም ከአናት።
«አቆጣጠር ነው» አልኩ፣ «ስድስት ሰዓት ያራራቀን።»
ባሕሩን አላነሳነውም፤ ዝም ብለን ሳቅን።

«ማንኛውንም ይቀበላል ጋሼ» አለ ሙሄ፣ «አይመርጥም።»
የሷን ሰዓት አጸደቅሁ። ቆመ ብልጭ ድርግም።
ከብረቱ ሥር ቀይ መስመር፣ ቀስ እያለ፣ ቀላ፤
የፋብሪካ ዘይት ሸተተ፤ መስታወቱ ላብ ሞላ።
ሙሄ እጁን አሞቀበት። «ሂሳብ?» አልኩት፣ ኪሴን ዳስሼ።
«ፊዚክስ አሳልፈኝ» አለ፣ «ሌላ አልፈልግም ጋሼ።»

ዳቦው በማግስቱ ነው፤ ታቹ አረረ፣ ላዩ ደህና።
ሰዓቷን አያለሁ ማታ፣ ወጥ ቤት ስገባ እንደገና፦
አሁን ተኝታለች፤ አሁን ተነስታለች፤ አሁን ታጥባለች እላለሁ።
ከሻይ ሰሃኑ ላይ ግን አንዲት ብሎን ተርፋለች፤
የት ትገባ እንደነበር እስካሁን እፈልጋለሁ።