የሞረድ ጥርስ

ጌርሊትስ፣ ጥቅምት ማለቂያ። ፖላንድ ከወንዙ ማዶ በጉም ተሸፍና፣
ወይዘሮ ኢርምትራውት የሟች ባላቸውን ሣጥን ከፈቱልኝና
«ምረጥ» አሉኝ። አሥራ አንድ የፊልም መያዣዎች ናቸው፣
እንደ ጸሎት መጽሐፍ ጠፍጣፋ፣ ሆዳቸው ውስጥ ሌሊት ብቻ ያደረባቸው።

የፕላስቲኩ ይቀላል፤ ግን ብርድ ሲያገኘው ይሰነጠቃል፤
የእንጨቱን ዝናብ ያሳብጠዋል፣ እሳት ዳር ሲያድር ልብ ይገዛል።
አንዱን ከጆሮዬ አስጠግቼ ነቀነቅሁት፤ እንደ ላላ በር ይንኳኳል።
አንዱን በባትሪ አየሁት፤ በጥጉ፣ መርፌ የሚያህል ንጋት ሾልኮ ይገባል።
የሦስተኛውን ከፋይ ብል ጨርሶታል፤
እንዲህ ያለው ምስጢር እንደማይቋጥር ወዳጅ ነው፣
ጨለማህን አደራ ብትሰጠው፣ ላገኘው ፀሐይ የሚያወራው።

አራት ለየሁ። ጠርዛቸውን በአውራ ጣቴ ስዳስስ
አንዱ ላይ ሁለት፣ አንዱ ላይ ሦስት፣ የተሞረደ ደቃቅ ጥርስ።
«እሱ ነው፤ ማታ ማታ ቁጭ ብሎ ይሞርድ ነበር፣
የትኛው ፎቶ በየትኛው እንደ ተነሣ የፊልሙ ዳር እንዲናገር።»

እንግዲህ ድልድዩን ባነሣ፣ ጉሙን፣ የማላውቀውን ሰው ፊት፣
ከምስሉ ውጭ፣ ዳሩ ላይ፣ የሌላ ሰው ንክሻ አለበት።

ዩሮውን ስቆጥር፣ ከጣልኳቸው መሀል አንዱን አነሡ፤
ጥርሱን በጥፍራቸው ቆጠሩ፤ ሰባት ላይ ሲደርሱ
«ይሄ አይሸጥም፤ እኔን የሚያነሣበት ነው» ብለው
ከሽርጣቸው ኪስ ከተቱት፣ ከላይ በመዳፋቸው ጫን አድርገው።

ብል የበላው ነበር።
አልነገርኳቸውም።