ለዶሮ ነው

ቅዳሜ ገበያ፣ ከበርበሬው ወዲህ፣ ከጨው ተራ በታች፣
ሁለት ጆንያ ሩዝ ይዛ የምትቀመጥ፣ እኔ ነኝ አንጓች።
አንደኛው ነጭ፣ ሲታፈስ እንደ ልጃገረድ የሚሳሳቅ፣
ሁለተኛው ጠይም፣ ዝምተኛ፣ ልብሱን ያላወለቀ፣
ሳይፈተግ፣ ሳይላጭ፣ ከወረታ ጎንደር የዘለቀ።

ጥፋቱ የእኔ አይደለም። የወረታው ወፍጮ ቺንጋው ተበጥሶ፣
ሩዙ ከገለባው ወጣ፣ ፉርሽካውን ግን እንደ ካፖርት ለብሶ።
ሹፌሩ ሞላ "ሩዝ ሩዝ ነው" ብሎ ከአይሱዙው ወረወረልኝ፣
ከዋጋው ጥቂት ቀነሰ፣ ከእውነቱ ብዙ ቀነሰብኝ።

ሴቶቹ መጡ። እፍኝ አፍሰው፣ በመዳፋቸው ገልበጥ አድርገው፣
"ያረጀ ነው? ጭስ መታው? ቀለሙን ምን ነካው?"
"እኔ ለሰርግ ነው" አለች አንዷ፣ "የአማቼ ቤት ሰዎች አሉ፣
ይሄን ባቀርብላቸው ዕድሜ ልኬን ስሜን ያነሳሉ።"

ማኛ ለእንግዳ፣ ቀይ ጤፍ ለጓዳ።
ሩዝ ራሱ ትናንት የገባ ባዳ፣
ሳይውል ሳያድር ያንኑ ሕግ ለመደ፣
ነጩ ሳሎን ገባ፣ ጠይሙ ወደ ኩሽና ወረደ።

የእህቴ ልጅ አስናቀ፣ ባንኮክ ሁለት ዓመት እርሻ ተምሮ፣
ተቀመጠ ሳጥኔ ላይ፣ እግሩን አነባብሮ።
"እዚያም እንዲሁ ነው አክስቴ። 'በላህ ወይ?' ለማለት
'ሩዝ በላህ ወይ?' ይላሉ፤ ሩዝ ማለት ነው መብላት።
ግን ነጩን ነው የሚወዱ፣ ትኩሱን፣ ሽታው የሚያውደውን፤
'ቀይ ሩዝ ይበላል' ካሉሽ፣ እስር ቤት ፈልጊው ሰውየውን።"
"አሁንስ?"
"አሁንማ ሀብታሞቹ፣ ሐኪም አስፈራርቷቸው፣
በሚያምር ፌስታል፣ በእጥፍ ዋጋ ይገዙታል ለጤናቸው።"
ጆንያዬን አየሁት።
"ታዲያ የእኔን እስረኛ ማን ያስፈታው ዋስ ሆኖ?"
አስናቀ መልስ አላመጣም። ሄደ፣ ቆሎዬን ዘግኖ።

በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ጀምበር ከቀሃ ወዲያ ስታዘቀዝቅ፣
መምህር ዘርአብሩክ መጡ፣ በጃንጥላቸው ተከልለው፣
ሂሳብ ያስተማሩኝ፣ በአለንጋም በፍቅርም።
ግራ ቀኝ አይተው፣ "ሁለት ኪሎ" አሉኝ፣ "ከዚያ ከጠይሙ።"
ሳልጠይቃቸው ጨመሩ፦
"ለዶሮ ነው።"

ዝም ብዬ ሰፈርሁላቸው።
ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቱ ዶሮ ነው የሚጮኽላቸው?
ልጃቸው የሻረግ፣ ነርሷ፣ ባለፈው ወር ነው የነገረችኝ፦
"አባባ ስኳር አለበት። ነጩን ተው ብለው እምቢ አለኝ፤
በጡረታዬ ማግስት፣ እንደ ድሃ አደግ፣ 'ቀይ ይበላል' ሊሉኝ?"

ጋዜጣ ጠየቁኝ። ፌስታሉን ጠቀለሉት፣
እንደ አረቄ፣ እንደ ዕዳ ደብዳቤ፣ ከኮታቸው ሥር ደበቁት።
"ብዙ ውኃ ይፈልጋል" አልኳቸው፣ "ዶሮዎቹ እንዳይቸኩሉ፣
ማታ ይዘፍዝፉት፣ ጠዋት በዝግታ ያብስሉ።"
አዩኝ በመነጽራቸው ላይ፣ እንደ ድሮው፣ ደብተሬን ሲያርሙ፣
ምንም ሳይሉ ሄዱ፣ ዳገቱን ሊያዘግሙ።

መስከረም፣ ጥቅምት። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሁለት ኪሎ።
ጆንያው ጎደለ፣ ጎኑ እንደ ላም ጡት ተንጠልጥሎ።
እኔም አንድ ማታ፣ ማን ያየኛል ብዬ፣ በር ዘግቼ ሞከርኩት፣
እንደ ለውዝ ነገር፣ እንደ አዲስ አውድማ ሽታ፣ ጥርሴ ላይ ተመራመርኩት።
ነጩ እንደ ሐሜት ያንሸራትታል፤
ይሄኛው ሲያኝኩት መልስ ይሰጣል።

የኅዳር ሚካኤል ሰሞን መጡ፣ ቀጠን ብለው፣
ቀበቷቸው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስተው።
ቀን ነበር። ገበያው ሙሉ፣ ጆሮ ሁሉ ክፍት።
"መምህር፣ ዶሮዎቹስ?" አልኩ፣ ሚዛኔን እየጠረግሁ።
ጎንበስ አሉ፤ እኔም ጆሮዬን ሰጠሁ።

"ደህና ናቸው አንጓችዬ" አሉ።
"ስኳራቸው ወርዷል።"

ፌስታሉን ተቀበሉ።
ጋዜጣ አልጠየቁኝም።