ባንድ ፊቱ ብቻ

ከሰርቦ ሚኒባስ በጠዋት ወረደች፣
በጆንያ ጠቅልላ አቅፋው መጣች፤
ረዳት «ጣራ ላይ!» ቢላት አሻፈረኝ ብላ
ለብረቱ ጭምር የሰው ሂሳብ ከፍላ።

ፈታችው፤ ማረሻ።
ያሮጌ ኢሱዙ ባሌስትራ የነበረ፣
ጭነት ሲታክተው አፈር የጀመረ።

መፍቱሃ ነው ስሟ፣ የአባቢያ ልጅ።
አባቢያ አምና ሞተ፤ ዘንድሮ እርፉ ላይ የወንድሟ እጅ።
«ጠንካራ አልብስልኝ፣» አለችኝ፣ «ቶሎ እንዳያልቅብን፤
እርሻችን ብረት ለምዷል፣ አሁንስ አስመረረን።»

አፈር ጥርስ እንዳለው ማንም አልነገረኝም፤
ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን፣ ተቀምጬ ነው ያወቅኩት፣
ያሰንዳቦ መረሬ ልጦ ልጦ የላከውን፣
የዴዶ ጠጠር ጫፉን ሸርፎ የመለሰውን፣
የሰቃ ቀይ አፈር፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ እንደ ከረሜላ የመጠጠውን
እያየሁ።

አያቴ ቀጥቃጭ ነበር።
ማረሻውን ይወስዳሉ፣ እሱን ደጅ ላይ ትተው፤
ከቤቱ ውሃ አይጠጡም፣ ጥም እያንገበገባቸው።
እኔን «ቴክኒሻን» ይሉኛል፤ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።
እሳቱ ያው እሳት ነው፤
ስሙ ነው በሽቦ የመጣ።

የሥጋ ቤቱን ሚዛን ተውሼ አስቀመጥኩት።
«ሲገዛ ሁለት ኪሎ ከሩብ፣» አለች፤
አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ሆኖ አገኘሁት።
«የቀረውስ የታለ?»
«እናንተው ጋ ነው፤ በቆሎው ሥር አለ።»

ወደ ብርሃን አዞርኩት፤
ግራ ጎኑ ሳስቶ፣ ጎብጦ እንደ ማጭድ፣
ቀኙ ግን ደንዳና፣ ገና ያላየ መንገድ።
«አባትሽ ያነክስ ነበር?»
ዝም አለች። ቆይታ፣ «ግንድ ወድቆበት ነው፣ እኔ ሳልወለድ።
ማን ነገረህ?»
ማንም።
እርፉን ሲጫን ኖሮ ወደ ደህናው እግር፣
ሦስት ክረምት ሙሉ በብረት ላይ ጽፏል፣ ቀለሙ አፈር።

ግራይንደሩን አንስቼ ነበር። ሁሌ መጀመሪያ እናቀናለን፤
የጎበጠውን ቆርጠን፣ የሳሳውን ሞልተን፣ አዲስ እናስመስላለን።
እጄን ያዘችኝ።
«አጠንክረው እንጂ አታቅናው።»

ምን እንደምላት ጨነቀኝ፤ ከጭንቁ ያወጣኝ ሙያው ነው፦
ሁለቱንም ፊት ጠንካራ ካለበስከው ማረሻ ይዶለዱማል፤
ባንዱ ፊት ይጽና፣ ባንዱ ይበላ፣ ያኔ ራሱን ይስላል።
እሱ የጻፈበትን ፊት ተውኩት።
ሌላውን ገለበጥኩት፣
ከሰል ላይ አሞቅኩት፤
ካዲሳባ የመጣ ዘንግ፣ አንዱ ባንድ ጫጩት ዋጋ፣
ስፌት ከስፌት አራርቄ፣ መሃሉ ላይ አፈር እንዲተኛ፣
እንደ ነጠላ ጥለት ዳር ዳሩን ይዤ፣
ጉብጠቱን ሳልነካ።

በአምስተኛው ስፌት መብራት ሄደ።
የጎረቤት ወፍጮ ዝም አለ። የአዌቱ ውሃ ተሰማ።
ማስኩን ገልጬ ሳይ፣ የካርቶን ቁራጭ አንስታ
ከሰሉን ታራግባለች፣ ብረቱ እንዳይበርድ፣
ማንም ሳያዛት፤
ላቧ በአገጯ በኩል አመዱ ላይ ሲወርድ።

መብራቱ ከስድስት ሰዓት በኋላ መጣ። ጨረስኩት።
ቅርፊቱን በመዶሻ አራገፍኩት።
«አመድ ውስጥ ይቀበር፣» አልኳት፣ «ቀስ ብሎ ይብረድ፤
ተጣድፎ የበረደ ይሰነጠቃል።»
እግሯን እግሯን እያየች ሰማችኝ።

ስለ ሂሳቡ አልተከራከረችም፤ ብሩ እርጥብ ነበር፣ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።
አሥር ሰዓት ሲል ጆንያው ውስጥ ከተትነው።
«ጭንሽ ላይ አታድርጊው፣» አልኳት፣ «ገና ትኩስ ነው።»

ሚኒባሱ ሲዞር በመስኮት አየኋት።
ጭኗ ላይ ነበር።