ዘገየ

ከማርቆስ መናኸሪያ፣ ከጎሚስታው በስተጓሮ፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ የቪዲዮ ቤቴ መብራት በርቶ አድሮ፣
የሙጪት ሠርግ ይገለበጣል፤ ሃያ ስምንት ጊጋ ሙሉ፣
ሞጣ ያሉ ዘመዶቿ «በንጋቱ አውቶቡስ» ስላሉ።

ፍላሹን ከይበልጣል ሱቅ፣ በውድ ነው የገዛሁት፤
«ሦስት ነጥብ ዜሮ፣ አምስት ጊጋ» የሚለውን አምኜ ሰካሁት።
አምስቱ ለካ በቢት ኖሯል፤ ባይት ሊሆን ለስምንት ተካፍሎ
ገና ሳይጀምር አነሰ፣ እንደ ሐምሌ ጎተራ ጎድሎ።

ሲነሣማ ሰጋር በቅሎ ነው፤ አንድ ደቂቃ አስደሰተኝ፤
ከዚያ ሰባት ሜጋ ላይ
ቁጭ ብሎ ተመለከተኝ።

ያው ጉድ ነው ሦስት ነጥብ አንድ የተባለው፣ ቀጥሎም ሦስት ነጥብ ሁለት፤
በየዓመቱ ክርስትና ቢነሣ፣ እግር አይጨመርለት።
የተጻፈው የመንገዱ ስፋት ነው፣ የመንገደኛው ጉልበት አይደለ፤
ማዳበሪያ የጫነ አይሱዙ፣ ከዓባይ ወደ ደጀን በአንደኛ ማርሽ ሲወጣ፣
አስፋልት ጠቦት ነው እንዴ፣ እንደ ኤሊ የዋለ?

አሥራ አንድ ሊሆን ሩብ ጉዳይ፣ አውቶቡሱ ጥሩንባ ነፋ፤
መቶው ሞላ፤ ነቀልኩት፤ ረዳቴ ከእጄ ነጥቆ ጠፋ።
በጭቃው፣ በጨለማው ተምዘግዝጎ፣ በሩ ሳይዘጋ ደረሰ፤
ባዶ እጁን እያወዛወዘ፣ እየሳቀ ተመለሰ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ እኔ ግን ዛሬ አላመንኩም፤
ይኼን ልጅ እናቱ «ዘገየ» ነው ያለችው፤
ፍላሹን «ፈጣን» ያለው ማን እንደሆነ
አልጠየቅኩም።