ስድሳ አንድ ፍሬ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኮረሪማ መዝኜ፣
ሂርማታ ገበያ ሚዛኔን ተማምኜ፣
ግራም ያልዋሸሁ ሰው፣ ጡረታ ስወጣ፣
ከቦዬ ረግረግ ዳር አንድ ጃርት መጣ።

ሌሊት መሬት ይምሳል፣ ጎደሬ ይገምጣል፣
አንዱን ሳይጨርሰው ሌላውን ይመርጣል።
በልቶ ቢጠግብማ ይሁን ባልኩ ነበረ፤
ያቃጠለኝ ግማጁ ነው፣ ሜዳ ላይ ያደረ።

ሸምሰዲን ሱቅ ሄድኩ። ጎንበስ ብሎ ከባንኮኒው ሥር
ፌስታል አወጣልኝ፣ አንገቱ የታሰረ በክር፤
ስም የለው፣ ቀን የለው፤ አመድ ነው ሲያዩት፣
ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል ሲያሸቱት።
«ሌላ ፍጥረት ቢበላውስ?»
«ጋሼ፣ ጃርትዎን ብቻ ያስቡ» አለና ሒሳቡን ተቀበለ።

ቤቴ ገብቼ አሮጌ ሚዛኔን ከአልጋ ሥር ጎተትኩ።
ባንዱ ሳህን መርዙ፣
በሌላው የተገመጠ ጎደሬ። ጎደሬው ከበደ።
እሺ።
ደግሞ የሩቂያ ድመት አለች፣ አጥር የማታውቅ፤
እሷን በሐሳቤ ጨመርኩ፤ ሚዛኑ ተንገዳገደ።
ጃርቱስ ሞቶ ቢያድር? ጎትቶ የሚበላው ጅብ፣
ከጅቡ የሚተርፈው ለአሞራ፤
መርዝ ባጃጅ ላይ ወጥቶ «ወራጅ አለ» አይልም።
ደግሞ አንፋል፣ የጎረቤት ልጅ፣ ገና ሦስት ዓመቷ፣
መሬት ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ።
ለእሷ የሚሆን የሚዛን ድንጋይ
ሂርማታም አልነበረ።

ያም ሆኖ አስቀመጥኩት። ተናድጄ ነበር።
ስድሳ አንድ ፍሬ በቆሎ፣ ቆጥሬ፣ ጎደሬው ሥር።
ከዚያ ወንበር አወጣሁ፣ ባትሪ ይዤ፣
ድመት ዝር እንዳትል፣ ዶሮ ዝር እንዳትል፣
መርዜን ስጠብቅ አደርኩ።
ጃርቱ አልመጣም። ሰው ያለበት ጓሮ ምን ሊሠራ?
ለሱብሂ አዛን ሲል ሳቄ መጣ፦
እንዲህ ቁጭ ብዬ ለማድረው
ጎደሬውን ብጠብቅ ምን ነበረበት?

ፍሬውን ለቀምኩ፣ አንድ በአንድ፣ በባትሪ፣ በጣቴ።
ስድሳ።
አፈሩን በወንፊት ነፋሁ። ስድሳ።
መቼ ነው ያንቀላፋሁት?

የቀረውን ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ ማገር ላይ ሰቀልኩት፤
አዌቱ ብጨምረው ከብት ይጠጣዋል፣
ባቃጥለው ጭሱ የማንን ቤት ይመርጣል?

ሦስት ቀን ሩቂያን በአጥር ላይ ጠየቅኳት፦
«ድመትሽ ደኅና ናት? አንፋልስ?»
«ደኅና ናቸው፤ ምነው?»
«እንዲሁ ነው» አልኳት፣
ግራም ያልዋሸሁት ሰው።

ትናንት ሌሊት ጃርቱ ተመልሶ መጣ።
አራት ሥር ገመጠ፣ አንዱንም አልጨረሰ።
ደስ አለኝ ብል ማን ያምነኛል?