ማሰሪያ ያጣ ስም

ደብረ ማርቆስ፣ ማታ፤ መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቶ፣
የጀመረችው ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ እኩሌታው ቀርቶ፣
መምህርት ዘርትሁን በስልኳ ብርሃን መዝገቡን ገለጠች፤
"ሰዋስው መብራት አይሻም፤ ስማችሁን እንተንትን" አለች።

"ይበልጣል?"
"አቤት!"
"ግስ ነህ። ባለቤትህ ውስጥህ ነው፣ እንደ ቀንድ አውጣ በቅርፊቱ፤
ከማን እንደምትበልጥ አለመናገር፣ እሱ ነው የስምህ ብልሃቱ።"

"አለኸኝ?"
"አለሁ!"
"አንተም አለህ፣ እናትህም አለች፤ ሁለት ሰው በአንድ ቃል፤
ተሳቢው ከግሱ ኋላ እንደ ጋሪ ይጎተታል።"

"ማንያዘዋል?"
…
"ጥያቄ ነው፣ መልስ የማይሻ፤ መልሱም ይኸው ዝምታ፤
እውነትም ማን ይዞት! ድራፍት ቤት ነው ዛሬ ማታ።"

"ስንሻው?"
"አቤት" አልሁ፣ ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ የገፋሁ፣
ቀን ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር የሰው አቤት አቤት የምጽፍ፣ ማታ ተማሪ የሆንሁ።
ብርሃኑን ከመዝገቡ አንሥታ ወደ ፊቴ መለሰች፤
"አንተ ጥገኛ ነህ፤ ማሰሪያ አንቀጽ የለህም" አለች፤
"ስንሻው… እሺ፣ እኛ ስንሻው፣ ከዚያስ ነገሩ የት ባከነ?
ሳያርፍማ እንዴት ተብሎ ዓረፍተ ነገር ሆነ?"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
ሳቁን ግን ቤቴ ይዤው ገባሁ።

እኔ እኮ እነዚህን ቃላት በሌላ ፊታቸው ነው የማውቅ፦
ባለቤት፣ ካርታ ያለው፤ ወይም ፍቺ ጠያቂ፣ ችሎት ፊት የምትሳቀቅ፤
ተሳቢ፣ ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ የሚያስጨንቅ፤
ማሰሪያ፣ ከፖሊስ ወገብ፤ አንቀጽ፣ የዳኛ ጣት ሲያርፍበት ሰው የሚያስወድቅ።
ተገብሮንም ከዘርትሁን በፊት ካጥሩ ሥር ነው የተማርሁት፦
"ድንበሩ ተገፋ"፣ "እህሉ ተበላ"፣ "በሬው ተነዳ" እያልሁ የጻፍሁት፣
ባለጉዳይ ስም ጠርታ ከጎረቤት እንዳትጣላ፤
ስንቱን ሌባ ደብቄያለሁ በአንዲት "ተ" ጥላ!

ቅዳሜ ሉማሜ ወረድሁ፤ እናቴ ጌሾ ታሰጣለች።
"እማ፣ ከስንሻው ቀጥሎ ምን ነበረ?" እጇን ከጌሾው አነሣች።
"ያንተ መች ሆነና" አለች፣ "የአባትህ ወሬ ነበረ፤
የክርስትናህን ጨው ሊገዛ ማርቆስ ወጥቶ የቀረ፤
የገበሬ ማኅበር ጸሐፊው 'የልጅሽ ስም?' ሲለኝ፣ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው፤
'ስንሻው ስንሻው ቀረ' ልል፣ ሳግ መኻሉን ቆረጠው።
እሱም ስም መሰለው።
ጻፈው።"

ተመለስሁ። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ስሜን ደጋግሜ አልሁት፤
ለካ ያባቴን መቅረት ነው አርባ ሦስት ዓመት ስፈርም የኖርሁት።

ማክሰኞ ይታይሽ የምትባል መጣች፣ በሬ የጠፋባት፤
"ተነዳ ብለህ ጻፍልኝ" ስትለኝ፣ "ማን ነዳው?" አልኋት።
ግራ ቀኝ አይታ፣ ነጠላዋን ባፏ ይዛ፣ ስሙን ሹክ አለችኝ፤
ባለቤቱን ከነአያቱ ጻፍሁ፤ እሷ ጣቷን ቀለም ነክራ ስታትም፣ እኔን ላብ አጠመቀኝ።

የዘርትሁን የቤት ሥራ "ስማችሁ ያለበት አንድ ዓረፍተ ነገር" ነበር፤
ለሌላው ያንድ ደቂቃ፣ ለኔ ሻማ የሚያስጨርስ ነገር።
"ስንሻው መጣ" ብዬ ሠረዝሁ፤ "ስንሻው ቀረ" ብዬ ሠረዝሁ፤
"ስንሻው አረጀ" ብዬ፣ እሱንም ስሠርዝ ወረቀት በሳሁ።
ሲነጋ የሰጠኋት ይኸን ነው፦
"አንዲት ሴት መንገድ እያየች፣ ስንሻው፣"
ነጠላ ሰረዝ፣ ሌላ የለው።

ኀሙስ ወረቀቱን በቀይ ከባ መለሰች፤
"አራት ነጥብ የለውም" ብላ፣ ከአሥሩ አራት ነጥብ ቀነሰች።

ስድስቱን ስለ ምን እንደ ተወችልኝ አልጠየቅኋትም